የዴስክ ጓደኛዬ ሎህ

መጻፍ ልብ አያቀልም። ሰው ሁሉ፣ ያነበበውም ያላነበበውም፣ «ጻፊው፣ ይወጣልሻል» ይላል። አይወጣም። ዕድሜዬን በሙሉ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። የጻፍኩት ነገር ሁሉ ከጻፍኩት በኋላም እዚያው ነበረ፤ ያውም በሁለት ቦታ፣ አንዱ ደረቴ ውስጥ፣ አንዱ ወረቀት ላይ።

ይህን የምለው ባለፈው ሰሞን ሮቤ ውስጥ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ፣ አዲስ ደብተር ስለተሰጠኝ ነው። ወፍራም ደብተር ነው። ሽፋኑ አበባ አለበት፤ በየገጹ አናት ላይ «ዛሬ ምን ተሰማኝ?» የሚል ታትሞበታል። ሥልጠናው ለእኛ ለመምህራን ነበር። ተማሪዎቻችንን «የጽናት ክህሎት» እንድናስተምር ነው የተፈለገው፤ ልጆቹ በየቀኑ ስሜታቸውን እንዲጽፉ፣ ሲጨንቃቸው ደግሞ በትንፋሽ ራሳቸውን እንዲያረጋጉ። አሠልጣኟ ልጄ ልትሆን የምትችል፣ ደግ ፊት ያላት ወጣት ነበረች።

«እናቴ፣ ይጻፉ እንጂ» አለችኝ ባዶውን ገጽ አይታ።

«ማን ያነበዋል?»

«ማንም። ለራስዎ ነው።» ትንሽ አሰበችና፣ «መጨረሻ ላይ ብቻ ሰብስበን ለሪፖርቱ ፎቶ እናነሳዋለን» አለች።

ደብተሩን ዘግቼ ወጣሁ። የተሰማኝ ድካም ብቻ ነበር። ቁጣ እንኳ አልመጣልኝም፤ በእኔ ዕድሜ ቁጣም ጉልበት ይፈልጋል። ከሆቴሉ ጀርባ፣ መስጊዱ ግድግዳ ሥር፣ የቁርኣን ተማሪዎች ሎሆች ታጥበው ፀሐይ ላይ ተደርድረው ነበር። ሎህ እጀታ ያለው የእንጨት ገበታ ነው። ልጆቹ በጥላሸት ቀለም ይጽፉበታል፣ የጻፉትን ይሸመድዱታል፣ ከዚያ አጥበውት ሌላ ይጽፉበታል። እርጥቡን እንጨት ፀሐይ ሲያገኘው ሽታው ወደ እኔ መጣ፤ ምላሴም ወዲያው መረረኝ። ለማሳመር ብዬ አይደለም የምለው። ያንን ቀለም ጠጥቼው አውቃለሁ።

ጎባ ነው፤ በደርግ ጊዜ። ስምንተኛ ክፍል ነበርን። ማለዳ ማለዳ ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ፣ በተሰበረው መስኮት አልፎ፣ ክፍላችን ድረስ ይገባ ነበር። ዝናብ ሳይኖር ቆርቆሮው ያንጠባጥባል። ሁላችንም የእርጥብ ሹራብ ሽታ ነበረን። አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። የዴስክ ጓደኛዬ አባት ደግሞ ከከተማው ዳር ገብስ ያርሱ ነበር፤ አያቷ የሰፈሩን ልጆች ቁርኣን ያስተምሩ ነበር። እኔ ኦሮምኛን ከእሷ ተማርኩ፤ እሷ የአማርኛ ድርሰቷን ከእኔ ትገለብጥ ነበር። አፏ አያርፍም። ወሬ በአማርኛ ትጀምርና፣ ሲሞቃት ሳይታወቃት በኦሮምኛ ትጨርሳለች፤ መሃል ላይ ያልገባው ሰው ካለ ጥፋቱ የእሱ ነው።

አንድ የገበያ ቀን ከታላቅ ወንድሟ ጋር በአህያ ገብስ ጭነው ሮቤ ወረዱ። ያን ቀን አፈሳ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ወንድ ከገበያ መሃል የሚለቀምበት ቀን ማለቴ ነው። ሰው ሲሯሯጥ ወንድሟ የአህያዋን ገመድ እጇ ላይ አደረገና «ያዢ፣ መጣሁ» አላት። እሷም ያዘች። ገበያው እስኪበተን ድረስ እዚያው ቆማ ያዘች። ከዚያ አህያዋን ብቻ እየጎተተች ወደ ጎባ ተመለሰች።

ከዚያ ቀን በኋላ ማውራት ተወች። መምህር ሲጠራት ትነሳለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ሳይወጣ መልሳ ትቀመጣለች። ከሁሉ የባሰው እጇ ነበር። እስክሪብቶ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል። ደብተሯ ላይ የምትጽፈው ፊደል፣ ሩቅ መንገድ አውቶቡስ ውስጥ የተጻፈ ይመስል ነበር።

ታች ቆላ፣ ደሎ መና የሚነግድ አጎቷ ይህን ሰምቶ መጣ። ቤታቸው ደጃፍ ቆሜ የተናገረውን በጆሮዬ ሰማሁ። «ሚኒስትሪውን ካለፈች ትማር፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ከወደቀች ግን ከእኔ ጋር ትወርዳለች። የሚፈልጋት ሰው አለ። ዝም የምትል ልጅ ለባል ጥሩ ናት።» እሷ እጆቿን ብብቷ ሥር ደብቃ መሬት መሬት ታይ ነበር። የስምንተኛ ክፍል ፈተና እየቀረበ ነበር። እጇ እስከዚያ ካልረጋ፣ የዴስኬ ግማሽ ባዶ ሊሆን ነው።

የሳይንስ መምህራችን ነገሩን ሳይነግሯቸው አወቁት። ከሰሜን ተመድበው የመጡ፣ ቀጭን፣ ዘወትር ያንኑ ወፍራም ካፖርት የሚለብሱ ሰው ነበሩ። ታስረው እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም አያወራውም። ጀርባቸውን ለበር ሰጥተው አይቀመጡም፤ እኛም ወንበራቸውን ሁልጊዜ ግድግዳው ጋ እናስቀምጥላቸው ነበር። አንድ ቀን የመተንፈሻ አካላትን እያስተማሩ በድንገት ጠመኔውን አስቀመጡና፣ «ትኩስ ሻይ እንደያዛችሁ ሁኑ። አሁን አብርዱት። ቀስ ብላችሁ፤ እንዳይፈስ» አሉን።

ከኋላ የሚቀመጠው ቀልደኛ ወዲያው ተነሣ። «ቲቸር፣ ሻዩ የታለ? ወይስ እንደ ስኳሩ በቀበሌ ነው?»

«ስኳሩን ቀበሌ ይስጥህ» አሉት። «አንተ ትንፋሹን አውጣ።»

ክፍሉ በሙሉ አፉን አሹሎ «እፍፍፍ» ሲል ከጭጋጉ ጋር ተደባልቆ እውነተኛ እንፋሎት ይመስል ነበር። በሌላ ቀን ደግሞ ወደ ውጭ አወጡንና፣ ፀሐይ ያሞቀው የድንጋይ ግድግዳ ላይ መዳፋችንን አስደግፈው ዓይናችንን እንድንጨፍን፣ የምንሰማውን ድምፅ አንድ በአንድ በልባችን እንድንጠራ አዘዙን። የጋሪ ፈረስ ቃጭል። ወፍጮ ቤቱ። የሆነ ሴት ዶሮ ስታባርር። እንዲህ ተደርድረን ቆመን እያለ የትምህርት ቤቱ የፖለቲካ ኃላፊ ደረሰ።

«ጓድ መምህር፣ ምን እየተደረገ ነው?»

«ስለ ሙቀት አስተላላፊ ነገሮች እየተማርን ነው፣ ጓድ።»

«ዓይናቸውንስ ለምን ጨፈኑ?»

«ሙቀት አይታይም፣ ጓድ።»

ሰውዬው የሚይዘው ነገር አጥቶ ሄደ። ይህ ሰው ሐዘንን የንዑስ ከበርቴ በሽታ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። በዚያው ወራት ሁላችንም የግለ ሂስ ደብተር እንድንይዝ አዞን ነበር፤ የተሰማንን፣ ያጠፋነውን፣ ያሰብነውን እየጻፍን። በየሳምንቱ ሰብስቦ ያነበዋል። እንግዲህ ስሜቴን እንድጽፍ ሲጎተጉተኝ አሠልጣኟ የመጀመሪያዋ ሰው አይደለችም። ያኔም ደብተር ሞልቶ ነበር፤ ያኔም «ለራሳችሁ ነው» ተብሎ ነበር።

መምህራችን ጓደኛዬን ከክፍል አስቀርተው አነጋገሯት። እኔ አልወጣሁም፤ ውጪ ያለኝም የለም። «በአፍሽ እምቢ ካለሽ ጻፊው» አሏት። ደብተሯን አነሱና በመስኮቱ ወደ ፖለቲካ ኃላፊው ቢሮ አዩ። መልሰው እጇ ላይ አስቀመጡላት። «በዚህ አይደለም። የማይቆይ ነገር ላይ።»

«የማይቆይ ነገር ምንድን ነው፣ ቲቸር?» አልኩ በእሷ ምትክ።

«አላውቅም» አሉ ደክሟቸው። «እኔ በጣቴ ግድግዳ ላይ ነበር የምጽፈው።» ስለ እስር ቤቱ ሲናገሩ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጓደኛዬ ቀና ብላ አየቻቸው። ከቀናት በኋላ በነጠላዋ ሥር ሎህ ይዛ መጣች። አዲስ ነበር፣ ከኮሶ እንጨት የተጠረበ፣ ገና የእንጨት ላብ የሚሸት። አያቷ ራሳቸው ናቸው የጠረቡላት። እኔን ለብቻ ጠርተው፣ «ልጄ፣ በዚህኛው ላይ የአላህ ቃል አልተጻፈበትም። ለልቧ ይሁን። የልጆቹን ሎህ ግን እንዳትነኩብኝ፤ ያ ሌላ ነው» ብለውኝ ነበር። ቀለሙን ከድስት ቂጥ ከተፋቀ ጥላሸትና ከሙጫ በጠበጥነው፤ ብዕሩ የተሾለ ሸምበቆ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት በርሜል አጠገብ ትቀመጥና ትጽፋለች። ፊደሉ ትልልቅ ስለሆነ፣ ሸምበቆውም ወፍራም ስለሆነ፣ የእጇ መንቀጥቀጥ ብዙ አያስቸግራትም። የምትጽፈው በኦሮምኛ ነው፤ ፊደሉ ግን አያቷ ያስተማሯት የዓረብኛው ነው። ስለዚህ አጠገቧ ተቀምጬ እያየሁ አንዲት ቃል እንኳ አላነብም። ይህ ያኔ ያበሳጨኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ ከሁሉም ደጉ ነገር እሱ ነበረ።

አንድ ቀን የፖለቲካ ኃላፊው መጥቶ ሎሁን ከእጇ ወሰደው። ሰውዬው ገልብጦ ይዞ ከላይ እስከ ታች ተመለከተው፤ አንብቦ እንደጨረሰ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

«የእጅ ሥራ ነው፣ ጓድ» አለ ቀልደኛው ከሩቅ።

«ነው ወይ?» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ።

«ነው፣ ጓድ። ነገም አለን።»

መለሰላት። እሷም ውሃ ቀድታ ከፊቱ አጠበችው።

እንዲህ እያደረገች ሰነበተች፤ ትጽፋለች፣ ታጥባለች፣ ሻይ ታበርዳለች። ሎሁ ላይ እጇ እየረጋ መጣ። ደስ አለን። ከዚያ ሞዴል ፈተና ተሰጠ፣ እስክሪብቶና ወረቀት ተመለሱ፣ መንቀጥቀጡም አብሯቸው ተመለሰ። ወረቀቷን ባዶ ሊባል በሚችል ሁኔታ አስረከበች። መምህራችን ውጤቷን አይተው አንገታቸውን ካፖርታቸው ውስጥ ቀበሩ። «መሞከር ነው» አሉ። እንደሚያምንበት ሰው አልነበረም አነጋገራቸው።

እኔ ግን አሰብኩበት። በደህናው ጊዜ ጓደኛዬ የነገረችኝ አንድ ነገር ነበር። አያቷ ሎህ የታጠበበትን ውሃ ሰው በሚረግጠው መሬት ላይ አይደፉትም፤ ለታመመ ሰው ያጠጡታል። የእናቴም ጠበል በጀሪካን ቤታችን ጥግ ነበረ፤ ሆዴን ሲያመኝ በማንቆርቆሪያ ትሰጠኛለች። ሁለቱን ነገር አንድ ላይ አስቀመጥኳቸውና ስህተቱን ያገኘሁት መሰለኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ታጥባለች እንጂ የሚጠጣው የለም! እሷ ራሷ ልትጠጣው አትችልም፤ ከእሷ የወጣ ነው፣ ተመልሶ ይገባል። ሌላ ሰው መጠጣት አለበት። በዕድሜዬ ሙሉ ካነበብኳቸው የፍልስፍና መጻሕፍት ውስጥ የዚህን ያህል እርግጠኛ ያደረገኝ የለም።

በማግስቱ ጽፋ ስትጨርስ፣ እንደ ልማዷ ከቤት በወረሰችው ጥንቃቄ፣ እጣቢውን መሬት ላይ ሳይሆን ጣሳ ውስጥ ሰበሰበችው። ጣሳውን ከእጇ ነጠቅኩና ጭልጥ አድርጌ ጠጣሁት።

እንዴት እንደሚመር አልነግራችሁም። ሙጫው ጉሮሮዬ ላይ ተጣበቀ። ጥቁር ውሃ በአገጬ ወርዶ የደንብ ልብሴን አበላሸው።

«ማል ጎቴ!» ብላ ጮኸች። «ምን አደረግሽ! ምን አደረግሽ አንቺ ቀውስ!»

ከወንድሟ መታፈስ በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ድምፅዋ ይህ ነበር። ጎርናና ሆኖ ነበር፣ እንደ ቆየ የበር ማጠፊያ።

«ጠጣሁልሽ» አልኳት እያሳለኝ።

«የቁርኣን ሱራ መሰለሽ እንዴ? ጥላሸት እኮ ነው! የድስት ቂጥ ነው የጠጣሽው!» ከዚያ ጥርሴን አየች። ጥርሴ፣ ምላሴ፣ ከንፈሬ፣ ሁሉም ከሰል መስሎ ነበር። መሳቅ ጀመረች። ሆዷን ይዛ፣ በርሜሉን ተደግፋ፣ «ያ አላህ፣ ያ አላህ» እያለች ሳቀች። «ደግሞ እኮ ስድብ ነው የጠጣሽው» አለችኝ ትንፋሽ እያጠራት።

«የምን ስድብ?»

«ወንድሜን። በየቀኑ እሱን ስሳደብ ነው የኖርኩት። ውሸታም፣ አህያ፣ ሌባ እለዋለሁ። መጣሁ አለኝ እኮ። መጣሁ ብሎኝ እኮ ነው...»

ሳቁ መሃል ላይ ተሰብሮ ልቅሶ ሆነ። መምህራችን ጩኸቱን ሰምተው ደረሱ። አንዴ እሷን፣ አንዴ የእኔን አፍ አዩ። ካፖርታቸውን ሰብስበው፣ ጀርባቸውን ለትምህርት ቤቱ በር ሰጥተው፣ ከእኛ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ትኩስ ነው» አሉ። «እናብርደው።»

ሦስታችንም አበረድነው።

ቀልደኛው እስከ ዓመቱ መጨረሻ «ጥላሸት» እያለ ይጠራኝ ነበር፤ አልከፋኝም። በፈተናው ቀን አራርቀው አስቀመጡን። ወረቀቱ ሲታደል እጇ እንደገና ሲንቀጠቀጥ ከማዶ አየሁት። ቀና ብላ ፈለገችኝ። ጠዋት ከቤት ስወጣ የድስት ጥላሸት ጥርሴን ቀብቼ ነበርና፣ ፈታኙ ዞር ሲል አፌን ከፍቼ ጥቁር ጥርሴን አሳየኋት። አንገቷን ደፋች፤ ትከሻዋ በሳቅ ተርገፈገፈ። ከዚያ አፏን አሾለች፣ በቀስታ ተነፈሰችና መጻፍ ጀመረች። ደወሉ እስኪደወል ቀና አላለችም።

አለፈች። እንግዲህ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ እኔም ዛሬ አሠልጣኝ ሆኜ በየሆቴሉ አዳራሽ እዞር ነበር።

ወንድሟ የሌለበትን እርሻ አባቷ ብቻቸውን አልቻሉትም። ክረምቱ ሳይወጣ በሬዎቹ ተሸጡ፤ ቤተሰቡ በሙሉ አጎቷ ጋ ደሎ መና ሊወርድ ሆነ። አጎቷ ቃሉን ጠብቋል፣ ባሉን ትቶላታል፤ በመስከረም ለዘጠነኛ ክፍል ወደ ጎባ ትመለሳለች ተባለ። ዕቃቸውን የጫነው ኤንትሬ መኪና ሊነሳ ሲል ከላይ፣ ከጆንያዎቹ መሃል ሆና ሎሁን አቀበለችኝ። ታጥቦ ነበር።

«እስክመለስ ያዢልኝ» አለች። ምን እንዳለች ወዲያው የገባት መሰለኝ፤ ፊቷ ተለወጠ። «መጣሁ አላልኩም» አለችኝ ቶሎ ብላ። «አላልኩም፣ እሺ?»

መኪናው ወደ ሳነቴ ተራራ መውጫ ሲታጠፍ ጭጋጉ ውስጥ ከመግባቷ በፊት አፏን አሹላ ወደ እኔ ስትተነፍስ አየኋት። እኔም መለስኩላት። መስከረም ጠባ። ሌላ ሰው እንዳይቀመጥበት በዴስኩ ግማሽ ላይ ቦርሳዬን አስቀመጥኩ፤ እስከ ጥር ድረስ መምህራኑ ዝም አሉኝ። ደርግ ወድቆ ከየግንባሩ የተረፉት ሲመለሱም ወንድሟ ከመካከላቸው አልነበረም ብለው ሰዎች ነገሩኝ። እሷን ዳግመኛ አላየኋትም።

ሎሁ ቤቴ አለ። እንጨቱ ግራጫ ሆኗል፣ እጀታው ጋ ተሰንጥቋል። እናቴ ያረፈች ጊዜ ጽፌበታለሁ፤ ሌላ ጊዜም ጽፌበታለሁ። ምን እንደጻፍኩ እኔም አላስታውስም፤ ደግሞ አልቀለለኝም። ያቀለላት መጻፉ ይሁን ማጠቡ፣ ወይስ አንዲት ቂል የድስት ቂጥ መጠጣቷ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። የማውቀው፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ሰው የጻፈችውን እንዳላነበበባት ነው።

የሥልጠናው የመጨረሻ ቀን አሠልጣኟ ደብተሮቹን ስትሰበስብ የእኔን ባዶውን ሰጠኋት። «እናቴ፣ ምንም አልጻፉም እኮ» አለችኝ አዝና። እጇን ያዝ አደረግኳት፤ የማስረዳበት ጉልበት አልነበረኝም። ስለዚህ እናንተን ልጠይቅ። መምህርም ሁኑ ወላጅ፣ ነገ አንድ ልጅ የልቡን የጻፈበት ደብተር እጃችሁ ይገባል። አትክፈቱት። መልሱለት።